የወንበሩ ምስክርነት

አባቴ ሲያርፍ ከተወልን ንብረት መካከል አንዲት አሮጌ ማርቸዲስ ነበረች። ሞተሯ ደህና፣ ቆርቆሮዋም ደህና ነበር። የሾፌሩ ወንበር ግን አልቋል። አባቴ በወጣ በገባ ቁጥር ይታከከው የነበረው የግራው ጠርዝ ቀለሙ ተገፎ ነጥቷል፤ መቀመጫው በበጋ እንደሚታይ የመረሬ መሬት ተሰነጣጥቋል። እናቴ መኪናይቱ እንድትሸጥ በወሰነች ጊዜ ደላላው በሩን ከፍቶ አየና «ይህን ሳትሸፍኑ ዋጋ አታገኙም» አለን። ባለሙያ ዘንድ ወስዶ አዲስ ቆዳ ማስለበሱ ከአቅማችን በላይ ስለነበረ ቀለሙን እኔው ቤት ውስጥ ለማደስ ተነሣሁ።

ሥራውን ስጀምር አንድ ነገር ተማርኩ። የአብዛኛው መኪና የወንበር ቆዳ ከለፋ በኋላ በላዩ ላይ የቀለም ሽፋን፣ በዚያም ላይ መስታወት መሰል መከላከያ ይደረግበታል። በመቀመጥ ብዛት በመጀመሪያ የሚያልቀው ይኸው ሽፋን ነው። እንግዲህ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ «ማቅለም» ይባል እንጂ በእውነቱ «መቀባት» ነው። ማቅለም ቀለሙን ወደ ውስጥ ያሰርጋል፤ መቀባት ከላይ ያሳርፈዋል። ቋንቋችን ሁለቱን መለየቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት ትዕግሥት ነበር። ቆዳው በመጀመሪያ በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ ቀጥሎ የዓመታት የእጅና የልብስ ቅባት በአልኮል ይጠረጋል፤ ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይታሻል፤ ስንጥቁ በመሙያ ይደፈናል። ቀለሙ በስፖንጅ እጅግ ስስ ሆኖ ይቀባል፤ ሲደርቅ ይደገማል፤ ይሠለሳል። ቅባቱን ሳይጠርግ ቀለም የደረበበት ሰው ብዙም ሳይቆይ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ሲነሣ ያያል። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚለው ለገበሬ ብቻ የተነገረ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ወንበሩ አማረ። እናቴ በሩን ከፍታ ብዙ ጊዜ አየችው። «አምሯል» አለች። ጥቂት ዝም ብላ «የአባትህ ግን አይመስልም» አለች።

ያን ጊዜ ነገሩን በቀላሉ አለፍኩት። ሊስትሮ በየማለዳው ያረጀ ጫማ ቀለም ቀብቶ ያወዛል፤ ሐሰተኛ ያለው ማንም የለም። ያረጀን ነገር መንከባከብ ነውር ሊሆን አይችልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ገዢው መጣ። ከጡረታ በኋላ መኪና የሚገዙ፣ አነጋገራቸው ረጋ ያለ አዛውንት ናቸው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከቆመ ዓመታት ማለፋቸውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ውስጥ ጎንበስ አሉና ያንኑ የግራ ጠርዝ በመዳፋቸው ዳበሱት። «ቆጣሪዋስ ቆማለች፤ ወንበሯን ሳየው ግን ብዙም አልተነዳች። አይደለም ልጄ?» አሉኝ።

እኔ ዝም አልኩ። ደላላው ቀበል አድርጎ «እንደሚያዩዋት ነው ጋሼ!» አለ። ቀብድ ሰጥተው ሄዱ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንባቢዬ ልብ ይበል፤ ከአፌ አንዲት የሐሰት ቃል አልወጣችም። ደላላውም ቢሆን ቃል በቃል ሲመረመር አልዋሸም። ታዲያ ምን አጠፋን?

ጥያቄው የቆየ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ቤት ሻጩን ሰው ያነሣል። ቤቱ ለጤና የማይበጅ፣ በመኝታ ክፍሎቹ እባብ የሚታይበት፣ እንጨቱም የተበላሸ ነው፤ ይህን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። የባቢሎኑ ዲዮጋንስ የተባለው ፈላስፋ በዚህ ክርክር ለሻጩ ይቆማል፤ ገዢውን ማንም አላስገደደውም፣ ዓይንም ፍርድም አለው ይላል። በእኛ ገበያ ቋንቋ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለቱ ነው። ተማሪው የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ግን ይህ መንገድ ለጠፋበት ሰው መንገድ ካለማሳየት የከፋ ነው ብሎ ይሞግተዋል፤ እያወቁ ሌላውን ወደ ስሕተት መምራት ነውና። ሲሴሮ በመጨረሻ የሚያደላው ለአንቲጳጥሮስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በ1704ኛው አንቀጹ በተንኮል የተገኘ ውል ሊፈርስ የሚችልበትን በር ከፍቷል።

ለዲዮጋንስ መከራከር ይቻላል። ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ሊዘረዝር አይችልም፤ ገበያ ኑዛዜ አይደለም። ደግሞም ቀለም የሞተር ብልሽት አይደለም። እኔን ያሸነፈኝ ሌላ ነገር ነው። ቆጣሪዋ ከቆመች በኋላ ያቺ መኪና ምን ያህል እንደ ሠራች የሚናገር አንድ ምስክር ቀርቷት ነበር፤ እሱም የተላጠው ጠርዝ ነው። እኔ ወንበር አደስኩ ብል ምስክር አፉን እንዲዘጋ አድርጌያለሁ። አዛውንቱ በመዳፋቸው ሲዳብሱት የሚጠይቁት እሱን ነበር፤ የመለሰላቸው ግን የእኔ ቀለም ነው።

ሊስትሮውና እኔም የተለያየነው እዚህ ላይ ነው። ጫማው የተቀባ መሆኑን ባለጫማውም ያውቃል፣ ተመልካቹም ያውቃል። በሁለት ሰዎች መካከል የታወቀ ቀለም እንክብካቤ ነው፤ አንዱ ብቻ የሚያውቀው ቀለም ግን፣ ሌላው በእሱ ተማምኖ ገንዘቡን ሲያወጣ፣ ማታለል ይሆናል። ስፖንጁ ያው ነው፤ እጁም ያው ነው።

በነጋታው ደውዬ አስጠራኋቸው። አባቴ መኪናይቱን ከሃያ ዓመት በላይ በየቀኑ እንደ ነዳት፣ ወንበሩን የቀባሁትም እኔ እንደ ሆንኩ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ መልስ አልሰጡኝም። ከዚያ «ትናንት ስጠይቅህ የት ነበርክ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። መኪናይቱን ወሰዷት፤ ከዋጋው ግን ደህና አድርገው ቀነሱ። ደላላው እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ነው የሚመልሰው።

የከበደኝ ለእናቴ መንገሩ ነበር። የተቀነሰው ገንዘብ የእሷ ነው፤ እኔ ሕሊናዬን ያሳረፍኩት በሷ ኪስ ነው። በሰው ገንዘብ እውነተኛ መሆን ቀላል መሆኑን እየነገርኩ ራሴን ስወቅስ ቆየሁ። እሷ ቡናዋን እየቀዳች አዳመጠችኝና እንዲህ አለች።

«ብሩስ ይቅር። አንተ ግን ቀድመህ ብትነግራቸው ኖሮ ሰውዬውም በአንተ ባላዘኑ፣ አንተም ባላፈርክ።»

ቀለሙን ሳልቀባ በፊት ማለቷ ይሁን ቀብዱን ሳልቀበል በፊት፣ አልጠየቅኋትም።