ስለ ቁማርተኛና ስለ ጠፋው ገንዘብ

ወዳጄ ሆይ፥ ቁማርተኛን ያሰረው ምንድር ነው ተብለህ ብትጠየቅ፥ ገንዘብ መውደዱ ነው ብለህ ትመልስ ይሆናል። ለጀማሪው ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን ገንዘብን የሚወድ ሰው ገንዘቡን ይቈጥረዋል፥ ይቈልፍበታል፥ ለወንድሙ እንኳ ለማበደር ይሳሳል። ቁማርተኛ ግን የቤቱን ኪራይና የልጁን የትምህርት ቤት ገንዘብ ሳይሳሳ በገበታው ላይ ያፈሰዋል። እንግዲህ ንፍገት ብቻውን ይህን አያሠራም። ሰውየውን አጥብቆ የሚይዘው ነገ የሚያገኘው ሳይሆን ትናንት የጠፋበት ነው።

ይህን በመስኮቡ ደራሲ በፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ሕይወት እንመልከተው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) እርሱ በ1863 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቪስባደን ከተማ በሩሌት ወደ ዐሥር ሺህ ፍራንክ ያህል በላ። ሩሌት ማለት ቍጥር የተጻፈበት መንኰራኵር ነው፤ ትንሽ ኳስ ትሽከረከርበታለች፥ ባረፈችበት ቍጥር ላይ ገንዘብ ያስያዘውም ይበላል። ያ ትርፍ ከኪሳራ የከፋ ጠላት ሆነበት። በ1865 ዓ.ም. ወደዚያው ከተማ ተመልሶ በአምስት ቀን ውስጥ ያለውን ሁሉ ተበላ፤ ያደረበትም ሆቴል ምሳ ከለከለው። በ1866 ዓ.ም. ደግሞ «ቁማርተኛው» የተባለውን መጽሐፍ በ26 ቀን በቃሉ እየተናገረ አስጻፈ። ቃሉን የጻፈችለት አና የምትባል ወጣት ነበረች፤ በማግሥቱ ዓመትም ሚስቱ ሆነች።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆመህ አስብ። የቁማርተኛን ልብ ከእርሱ ይልቅ የመረመረ ማን ነበር? ነገር ግን መጽሐፉ ከታተመ በኋላ፥ በ1867 ዓ.ም.፥ በባደን ባደን ከተማ የሚስቱን የጆሮ ጌጥና የጋብቻ ቀለበቷን ሳይቀር በመያዣ አኖረ። በደብዳቤውም ይቅር በይኝ እያለ ይለምናታል፤ በዚያው ደብዳቤ ደግሞ ገንዘብ ላኪልኝ ይላታል። አንባቢ ይህን ግብዝነት ብሎ ይንቀው ይሆናል። እኔ ግን ጸጸቱ እውነተኛ እንደ ነበረ አምናለሁ፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው። ጸጸቱ ራሱ ወደ ገበታው መልሶ ይነዳዋልና። ሚስቱን መበደሉ ስለሚያቃጥለው የበደለውን ሊመልስላት ይሮጣል፤ የሚመልስበትንም ሌላ ስፍራ አያውቅም።

መንኰራኵሩ ግን ዕዳ የለበትም። በሞንቴ ካርሎ ያለው ሩሌት ከዜሮ እስከ 36 ድረስ 37 ቍጥሮች አሉት፤ በአንድ ቍጥር ላይ አስይዞ የበላ ሰው ግን 35 እጥፍ ብቻ ይከፈለዋል። ስለዚህ በብዙ ጨዋታ ሲታሰብ ከ100 ፍራንክ ወደ 2 ፍራንክ ከ70 ሳንቲም ለቤቱ ይቀራል። በ1913 ዓ.ም. በነሐሴ 18 ቀን በዚያው ቤት ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ በጥቁር ላይ ዐረፈች። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች አሁንስ የቀይ ተራ ነው እያሉ በቀይ ላይ ገንዘባቸውን ከመሩ፤ ሚሊዮን በሚቈጠር ፍራንክም ተበሉ። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም፤ የሚያስታውሰው ተጫዋቹ ነው።

የአሜሪካው ሊቅ ስኪነር እንዳስረዳው፥ በቈረጠ ቍጥር ምግብ የሚያገኝ እርግብ ምግቡ ሲቀር ቶሎ ይተዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ብቻ፥ መቼ እንደ ሆነም ሳያውቅ የሚያገኝ ግን ምግቡ ከቀረ በኋላ ብዙ ጊዜ ይቈርጣል። በእግር ኳስ ላይ የሚወራረደው ተማሪም እንዲሁ ነው። አራት ጨዋታ ይዞለት አምስተኛው ሲያመልጠው «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» ይላል እንጂ «ተበላሁ» ብቻ አይልም። ያችን አንዲት ጨዋታ ይዞ ሌሊቱን ሲያሰላ ያድራል።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ይህን ነገር ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ከሕመሞች ቈጥረውታል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ክፍል ጻፉት። እንግዲህ ሕመም ከሆነ ኀጢአት መሆኑ ቀረን? የታመመ ሰው ስለ መታመሙ አይወቀስም፤ ቍስሉን ሸፍኖ ከሐኪም ቢሸሽ ግን ይጠየቃል። የቁማርተኛም መሸሸጊያ «አስቀድሜ የጠፋውን ልመልስ፥ ከዚያ በኋላ እተዋለሁ» የሚለው ቃል ነው።

በሉቃስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ ያለውን የጠፋውን ልጅ አስበው። እርሱ የአባቱን ገንዘብ ሁሉ ጨርሶ ነበር። ነገር ግን ያባከንሁትን አግኝቼ በሙሉ ኪስ ልመለስ አላለም፤ እንዲህ ቢል ኖሮ ከእሪያዎቹ ጋር ይቀር ነበር። ባዶ እጁን መጣ። ቁማርተኛ ሚስቱ ፊት ባዶ እጁን መቆም ከሞት ይልቅ ይከብደዋል፤ ይህም ትዕቢት መሆኑን አያስተውልም፥ ፍቅር ይመስለዋልና።

ዶስቶየቭስኪ በ1871 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በቪስባደን ለመጨረሻ ጊዜ ተጫወተ። ሚስቱ ለመንገዱ የላከችለትን 30 ታለር እንኳ ተበላ፤ ከዚያም ነገሩ አበቃ ብሎ ጻፈላት። እንዲህ ያለ ቃል አስቀድሞ ብዙ ጊዜ ሰምታለችና አላመነችውም። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ እንዳልተጫወተ ራሷ መስክራለች። በ1872 ዓ.ም. መጨረሻ የጀርመን የቁማር ቤቶች በሕግ ተዘጉ፤ በሩ መዘጋቱም ረድቶት እንደ ሆነ እኔ አልንቀውም፤ ለደካማ ሰው የተዘጋ በር ምሕረት ነው። በ1873 ዓ.ም. አና የባሏን መጽሐፍ በራሳቸው ገንዘብ አሳትማ ከቤታቸው መሸጥ ጀመረች። የቀድሞው ዕዳም እንዲህ፥ ከመጻሕፍት ዋጋ ጥቂት በጥቂት እየተቈረሰ፥ በብዙ ዓመት ተከፈለ።