እቅጩን የሚናገር ሰውና የመራጩ ኅሊና

አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ «እኔ እንደ ሌሎቹ አላድበሰብስም፤ ነገሩን እንዳለ እነግራችኋለሁ» ሲል ምን ነገረን? ስለ ራሱ አንድ ነገር ነገረን እንጂ ስለ አገሩ ችግር ገና ምንም አላስረዳንም። ሆኖም ይህች አንዲት ቃል ብቻዋን የብዙ ሰው ልብ ስትማርክ ታይታለች። ሁለት ፊት ያለው ንግግር ለዓመታት የሰለቸው ሕዝብ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ሲያገኝ ሌላውን ሁሉ ሳይመረምር ለማመን ይቸኩላልና።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን። ነገርን በምሳሌ መጠቅለል፣ መርዶን በጥንቃቄ ማድረስ፣ ታላቅን ሰው በተዘዋዋሪ መገሠጽ በአገራችን የጨዋነት ምልክት ነው። ያም ሆኖ «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የሚለውን ተረት ያወጡት እነዚያው አባቶቻችን ናቸውና የለዘበ ንግግር ምን ሊሸፍን እንደሚችል አልሳቱትም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ እቅጩን መናገርና እውነተኛ መሆን አንድ ነገር ነውን? ድምፅ የሚሰጥ ሰውስ እንዲህ ያለውን ተናጋሪ በምን ሊመዝነው ይገባል?

ጥያቄውን በአየር ላይ እንዳናንጠለጥለው በአሜሪካ አገር የተፈጸመ አንድ ታሪክ እንውሰድ። ቁጥራቸው ጥቂት ያልሆነ ወገኖቻችን የዚያን አገር ዜግነት ተቀብለው ድምፅ ስለሚሰጡ ነገሩ ለብዙ ቤተሰብ ሩቅ አይደለም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በዚያ አገር አንድ ሰው ለፕሬዚዳንትነት ከመወዳደሩ አስቀድሞ በገዛ ፓርቲው ውስጥ ዕጩ ለመሆን ይወዳደራል። ፕራይመሪ የተባለው ይህ የማጣሪያ ምርጫ በየግዛቱ በተለያየ ቀን ይካሄዳል፤ ኒው ሃምፕሻየር የተባለችው ትንሽ ግዛት ምርጫዋን ከሌሎቹ ቀድማ እንድታካሂድ የራሷ ሕግ ያዝዛል። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ስለ ሆኑ መራጩ በፓርቲው ስም ብቻ ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ የሚቀረው ሰውየውን ራሱን መመዘን ነው። የጠባይ ነገር በማጣሪያ ምርጫ ጊዜ ያን ያህል የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

በ2000 የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪዎች አብዛኞቹ የቴክሳስ ገዥ የነበሩትን ጆርጅ ቡሽን ደግፈው ቆሙ። በእርሳቸው ላይ የተነሡት የአሪዞናው ሴናተር ጆን ማኬይን ነበሩ። ማኬይን በቬትናም ጦርነት ተማርከው አምስት ዓመት ተኩል በእስር የቆዩና ከእርሳቸው በፊት የተያዙት ሳይፈቱ አልወጣም ብለው የቀረበላቸውን ነፃነት የመለሱ ሰው ናቸው። «ቀጥተኛ ንግግር» የሚል ስም በተሰጠው አውቶቡስ እየተዘዋወሩ፣ ጋዜጠኞችን አጠገባቸው አስቀምጠው የተጠየቁትን ሁሉ ይመልሱ ነበር። ከደጅ የመጣ ሰው ተባሉ፤ በእርግጥ ከ1987 ጀምሮ በሴኔቱ ወንበር የነበራቸውን ሰው እንዲህ ብሎ መጥራት ጥቂት ፈገግ ያሰኛል። ሆኖም የተናገሩት አንዳንድ ነገር ዋጋ የሚያስከፍላቸው ነበር። የአዮዋ ገበሬዎች ከበቈሎ ለሚሠራ ነዳጅ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ሲወድዱ እርሳቸው ይቃወሙት ነበር፤ በዚያም ግዛት የምርጫ ዘመቻ አላካሄዱም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን የኒው ሃምፕሻየር ሕዝብ ድምፁን ሲሰጥ ማኬይን 49 ከመቶ፣ ቡሽ 30 ከመቶ አገኙ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ እውነተኛነት ሊቃውንት ያስተማሩትን እናስታውስ። አርስቶትል እውነተኛውን ሰው፣ ራሱን ከሆነው በላይ በሚያሳይ ጉረኛና ያለውን በሚያሳንስ ሰው መካከል ያቆመዋል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩይኖ ይህን ተቀብሎ እውነት መናገርን ከፍትሕ ጋር አዛመደው፤ ሰዎች አንዱ የሌላውን ቃል ካላመነ አብረው ሊኖሩ አይችሉምና፣ እውነት ለባልንጀራ የሚገባ ዕዳ ነው ይላል። ዕዳ ከሆነ ደግሞ ከፋዩ ከራሱ ኪስ ማውጣት አለበት እንላለን። የሌላውን ገመና ገልጦ፣ አቅመ ቢሱን ሰድቦ «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ» የሚል ግን ከሌላ ሰው ኪስ እየከፈለ ምስጋናውን ለራሱ ይወስዳል። ይኸው መምህር ስድብንና ሐሜትን ፍትሕን ከሚጻረሩ በደሎች ጋር ቈጥሯቸዋል፤ ስለዚህ የተነገረው ነገር እውነት ሆኖ መገኘቱ ብቻ ተናጋሪውን ነፃ አያወጣውም። የጥንት ግሪኮች በጉባኤ ፊት በነፃነት መናገርን ፓሬሲያ ይሉት ነበር፤ ቃሉ በግሪክኛው የሐዋርያት ሥራ ውስጥም ይገኛል። ሐዋርያቱ በሸንጎው ፊት እንዲያ ሲናገሩ በአደጋ ላይ የነበረው የገዛ ራሳቸው ሕይወት ነበር።

በ2016 በዚያው ፓርቲ የማጣሪያ ምርጫ፣ ድምፅ ሰጥተው የሚወጡ ሰዎች በዕጩው ከሁሉ አብልጠው የሚሹት ጠባይ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ፣ ከቀረቡላቸው አራት አማራጮች አንዱ «ነገሩን እንዳለ የሚናገር» የሚል ነበር። ይህን የመረጡት በብዛት ድምፃቸውን ለዶናልድ ትራምፕ ሰጡ። ማን ይመረጥ ነበር ብሎ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኛን ያሳሰበን ከአማራጮቹ ሌላው «እንደ እኔ ያለውን እምነትና እሴት የሚጋራ» የሚል መሆኑና ሁለቱ እንደ ተለያዩ ነገሮች መቅረባቸው ነው። ግልጽነት ከሚነገረው ነገር ተለይቶ ብቻውን የሚቆም ጠባይ ሆኖ ሲታይ፣ ምን እንደ ተነገረና ማንን እንደ ጎዳ የሚጠይቅ ሰው እያነሰ ይሄዳል።

ወደ ማኬይን እንመለስ። ከኒው ሃምፕሻየር ቀጥሎ ወሳኙ ምርጫ በሳውዝ ካሮላይና ነበር። በዚያ ግዛት ምክር ቤት ጉልላት ላይ፣ በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ባርነትን ይዘው የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች የውጊያ ባንዲራ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይውለበለብ ነበር። ለጥቁሮቹ ዜጎች ስድብ ነው፤ ከነጮቹ ብዙዎቹ ግን የአባቶቻችን መታሰቢያ ነው ይላሉ። ማኬይን በጃንዋሪ ወር በቴሌቪዥን ተጠይቀው ባንዲራው የዘረኝነትና የባርነት ምልክት ነው ብለው መለሱ። አማካሪዎቻቸው ደነገጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እኒያው ሰው የቅርስ ምልክት አድርገው እንደሚያዩት የሚገልጽ ቃል ሰጡ። በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ተረኩት፣ ስለ ባንዲራው በተጠየቁ ቍጥር የተጻፈውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ያነቡ ነበር። ያለ ወረቀት በመናገር ስማቸው የወጣ ሰው፣ በዚህ አንድ ነገር ላይ ብቻ ወረቀት ማንበብ አስፈለጋቸው!

በዚያው ሰሞን ማን እንዳስነሣው ያልታወቀ አሉባልታ በግዛቱ ይናፈስ ጀመር። ማኬይን ከትዳራቸው ውጭ ጥቁር ልጅ ወልደዋል የሚል ነበር። ልጅቱ ግን ቤተሰቡ ከባንግላዴሽ፣ ከእማሆይ ተሬዛ የሕፃናት ማሳደጊያ ወስዶ በጉዲፈቻ ያሳደጋት ናት። ፌብሩዋሪ 19 ቀን ቡሽ 53 ከመቶ፣ ማኬይን 42 ከመቶ አግኝተው ምርጫው አለቀ።

እኛን ካቶሊኮችን የሚነካ ነገርም ከዚህ ጋር አለ። ቡሽ በዚያ ግዛት በሚገኝ፣ ቤተ ክርስቲያናችንን በመንቀፍ በሚታወቅ ዩኒቨርሲቲ ንግግር አድርገው ነበር፤ ኋላም ያን ባለመቃወማቸው ማዘናቸውን ለኒው ዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ለብፁዕ ካርዲናል ጆን ኦኮነር በደብዳቤ ገልጠዋል። የማኬይን ዘመቻ በበኩሉ ይህንኑ ጉብኝት የሚያስታውስ የስልክ መልእክት ለሚሺጋን ካቶሊኮች አስተላለፈ። ሲጠየቅ መጀመሪያ ካደ፤ በኋላ አመነ። የመልእክቱ ፍሬ ነገር ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ላኪው መካዱ ግን «ቀጥተኛ ንግግር» ብሎ አውቶቡስ ላይ ለጻፈ ሰው አያምርም።

ማኬይን ከውድድሩ ከወጡ በኋላ፣ በአፕሪል 2000፣ ወደ ሳውዝ ካሮላይና ዋና ከተማ ወደ ኮሎምቢያ ተመልሰው ስለ ባንዲራው የተናገሩት የልባቸው እንዳልነበረ በሕዝብ ፊት ገለጡ። እውነቱን ብመልስ አላሸንፍም ብዬ ፈራሁ፤ ዘወትር እውነት እናገራለሁ ያልሁትንም ቃሌን አፈረስሁ የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነበር። ምርጫው ካለቀ በኋላ መናዘዝ ምን ዋጋ አለው የሚሉ ነበሩ፤ አሉም። ትችቱ ሚዛን አለው። ሆኖም ማንም ሳያስገድዳቸው ሄደው የገዛ ገመናቸውን መግለጣቸውን፣ ከኪሳቸው የወጣ ክፍያ ነውና፣ በአውቶቡሱ ላይ ካወሩት ሁሉ አብልጠን እንቈጥረዋለን።

ነገር ግን «ፈራሁ» ያሉት ማንን ነው? መራጩን ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ከተናጋሪው ወደ ሰሚው ይዞራል፤ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፈውም ይኸኛው ወገን ነው። ሕዝብ እውነት ተናጋሪ እንሻለን እያለ የተነገረውን እውነት የሚቀጣ ከሆነ፣ ዕጩው በኪሱ ለያዘው ወረቀት ግማሹን የጻፈው ሕዝቡ ራሱ ነው።

በጃንዋሪ 2008 ማኬይን ዳግመኛ ሲወዳደሩ ለሚሺጋን ሠራተኞች ከግዛቱ ከጠፉት ሥራዎች አንዳንዶቹ ተመልሰው አይመጡም ብለው ተናገሩ። የመኪና ፋብሪካዎች በየጊዜው ሠራተኛ የሚቀንሱበት አገር ነበር። ተፎካካሪያቸው ሚት ሮምኒ ግን ይህን ተስፋ መቍረጥ ነው ብለው፣ ለእያንዳንዱ ሥራ እንደሚታገሉ ቃል ገቡ። ጃንዋሪ 15 ቀን ሮምኒ 39 ከመቶ፣ ማኬይን 30 ከመቶ አገኙ። ሮምኒ የግዛቱ ተወላጅ፣ አባታቸውም ገዥዋ የነበሩ ስለ ሆኑ ውጤቱን ሁሉ በዚህ አንድ ንግግር ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ከሥራው የተባረረ የልጆች አባትም ተስፋን ስለ መረጠ አንፈርድበትም፤ እንጀራው የተቋረጠበት ሰው «አይመለስም» ሲባል ከእውነቱ ጋር ሌላም ነገር ሊሰማ ይሻል። ማኬይን ስለ አዲስ ሙያ ሥልጠና መናገራቸው አልቀረም፤ ሰሚው ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን የፊተኛው ቃል ይመስላል።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ቆይቶ የሳውዝ ካሮላይና ተራ ደረሰ። ከስምንት ዓመት በፊት ስለ ባንዲራው የፈሩት፣ ኑዛዜውንም በገዛ ከተማው የሰማው ያው ግዛት ነበር። ማኬይን 33 ከመቶ አግኝተው፣ 30 ከመቶ ያገኙትን ማይክ ሃከቢን በልጠው አሸነፉ።