ነፃው የትምህርት ዕድል ስንት ያወጣል?

አማርኛችን አንዳንዴ ጉድ ይሠራናል። ፈረንጆቹ «ስኮላርሺፕ» የሚሉትን «ነፃ የትምህርት ዕድል» ብለን ተረጎምነውና አረፍነው። «ነፃ» የምትለዋን ቃል ማን እንደጨመራት እንጃ! እኔ ግን በዚህች ቃል የተነሳ ባለፈው ጸደይ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ላብ ሲያጠምቀኝ ዋለ። ነገሩ እንዲህ ነው።

እህቴ እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ትኖራለች፤ ከእኔ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ባሏ ታክሲ ነጂ ነው፤ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፣ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። እንዲህ ሆነው ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። የመጀመሪያው ልጅ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ደወለችና «ጋሼ፣ ቶሎ ድረስልኝ፤ ልጁ ወታደር ልሆን ነው እያለ ነው!» አለችኝ። ድምጿ የመርዶ ድምፅ ነበር።

ስደርስ ቡናው ተፈልቷል፤ የሚጠጣው ግን የለም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብዳቤ ተዘርግቷል። ለካስ ልጁ ለማንም ሳይናገር አመልክቶ፣ የአካል ብቃት ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አልፎ፣ የአሜሪካን ጦር የዕጩ መኮንኖች ስኮላርሺፕ አሸንፎ ኖሯል።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «አር ኦ ቲ ሲ» ይሉታል፤ የተጠባባቂ መኮንኖች ማሠልጠኛ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1916 በወጣ ሕግ ነው። ወጣቱ እንደማንኛውም ተማሪ ሲቪል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመረጠውን ትምህርት ይማራል። በዚያ ላይ ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ስፖርት ይሠራል፣ የውትድርና ትምህርት ይወስዳል፣ የደንብ ልብስ ለብሶ ይሠለጥናል፣ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ባለው ክረምት ኬንታኪ ውስጥ ፎርት ኖክስ የሚባል የጦር ሰፈር ወርዶ ይፈተናል። ዲግሪውን ሲቀበል ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል። ስኮላርሺፑ ቆይቶ የመጣ ነው፤ በ1964 በወጣ ሕግ። የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ ለመጻሕፍት መግዣ በዓመት 1,200 ዶላር፣ ለኪስ ደግሞ ትምህርት ባለበት ጊዜ በየወሩ 420 ዶላር ይሰጣል።

«ታዲያ ነፃ አይደለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ቆዩኝማ! የፈረመ ተማሪ በጠቅላላው የ8 ዓመት ግዴታ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ 4ቱን ዓመት በመደበኛው ጦር ውስጥ ያገለግላል፤ ቀሪውን በተጠባባቂነት ይቆያል። ውሉን ካፈረሰ ወይ የወጣለትን ገንዘብ ይመልሳል፣ ወይ ተራ ወታደር ሆኖ እንዲያገለግል ሊታዘዝ ይችላል። እንግዲህ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ገና ያልኖረውን ዕድሜ ነው አስይዞ የሚበደረው።

የቤቱ ሰው ሦስት ቦታ ተከፍሏል። አባትየው ስሌት ይዟል። «እኔ በሳምንት ሰባቱንም ሌሊት ብነዳ የዚህን ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት ክፍያ አልሞላም። ብድር ውስጥ ከሚዘፈቅ ቢያገለግል ምን አለበት? የተወለደበት አገሩ አይደለም እንዴ?» ይላል። እህቴ «ልጄን ለትምህርት ክፍያ ልሽጠው?» ብላ ታለቅሳለች። የአባትየው እናት፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁ የመጡት እማማ፣ ጥግ ይዘው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ዝም ብለዋል። ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ዘምቶ በዚያው የቀረ ነው። መጨረሻ ላይ «የእኔን ወንድም ማንም አልጠየቀውም፤ ምንም አልሰጠውም። ወሰዱት፣ ቀረ። ይሄ እንኳ ተጠይቋል» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ልጁ ግን ተዘጋጅቶበታል። «ጋሼ፣ ኮሊን ፓወል እኮ በዚሁ ፕሮግራም ነው ያለፈው» አለኝ። ትክክል ነው። ከጃማይካ የመጡ ስደተኞች ልጅ፣ ኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ጂኦሎጂ ተምሮ በ1958 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ፤ በ1989 የአሜሪካ ጦር ኃይሎች የጋራ ኤታማዦር ሹሞች ሊቀመንበር፣ በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። ለስደተኛ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ አለ?

ልጁ ቀጠለ፦ «መሐላውንም አንብቤዋለሁ። ተራ ወታደሩ ሲምል የፕሬዚዳንቱንና የአለቆቹን ትእዛዝ እፈጽማለሁ ይላል። መኮንኑ ግን ለሕገ መንግሥቱ ብቻ ነው የሚምለው። ደግሞም ይህን ግዴታ የምገባው በነፃ ፈቃዴ ነው፣ በልቤ የሸሸግሁት ነገር የለም ብሎ ነው የሚምለው።»

እኔም እዚያችው «በነፃ ፈቃዴ» የምትለዋ ላይ ተሰናከልኩ። አያችሁ፣ ያቺው «ነፃ» ተመልሳ መጣች!

እስኪ አብረን እናስበው። አባቱ ቼክ ቆርጦ የሚከፍልለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ማንም ማል አይለውም። የታክሲ ነጂው ልጅ ግን ይምላል። ሁለቱ አንድ ክፍል ገብተው፣ አንድ መጽሐፍ ገልጠው ይማራሉ፤ አንዱ የሰጠው የአባቱን ገንዘብ ነው፣ ሌላው ራሱን። ታዲያ የሁለተኛው ፈቃድ ነፃ ነው ይባላል? የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ይህን የመሰለ ጥያቄ አንስቶ ነበር። ተኝቶ ሳለ ተሸክመው መርከብ ላይ የጫኑትን ሰው፣ «ባሕር ውስጥ ዘልለህ አልገባህምና በካፒቴኑ መገዛትን በፈቃድህ ተቀብለሃል» ማለት ይቻላል ወይ? ነው ነገሩ። ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ፈቃድ ምን ፈቃድ ነው?

ይህን ስሰማ ልቤ ወደ እህቴ ያዘነብላል። ግን ደግሞ ሌላ ጎን አለው። «ድሃ ተቸግሮ የገባው ቃል ቃል አይደለም» ካልን ድሃውን የረዳነው ይመስለናል እንጂ ክብሩን ነው የምንነጥቀው። ቃሉ የማይያዝለት ሰው ማን ያበድረዋል? ማን ልጁን ይድርለታል? ቃል እኮ ብዙ ጊዜ ለድሃ ያለው ብቸኛ ሀብት ነው። ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት በ1785 ያነሳው ምሳሌ እዚህ ይመጣል፦ ቸግሮት የሚበደር፣ እንደማይመልስ በልቡ እያወቀ «እመልሳለሁ» የሚል ሰው። ሁሉም እንዲያ ቢያደርግ ቃል የሚባል ነገር ራሱ ይጠፋል፣ «እመልሳለሁ» ቢባል የሚያምን አይኖርም ይላል። የእኛም ሰው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው።

ይህን ሁሉ እየተፈላሰፍኩ ሳለሁ እህቴ «ጋሼ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ንገረዋ!» አለች። ልጁም ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ አንተም በስኮላርሺፕ አይደል የመጣኸው?» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ የእኔን ነገር አያውቅም።

እኔስ? እኔማ ከሃያ ዓመት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ለሁለተኛ ዲግሪ ስላክ ውል ፈርሜ ነው የመጣሁት። ተምሬ እመለሳለሁ፣ የተማርኩትን ዓመት እጥፍ አገለግላለሁ ብዬ። ውሉ ተያዥ ይጠይቅ ነበርና አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ዋስ ሆነኝ። ሲፈርም «አንተን የማላምን ማንን ላምን ነው?» ብሎ ሳቀ። አልተመለስኩም። ምክንያት ሞልቶኝ ነበር፦ የፖለቲካው ሁኔታ፣ የደመወዙ ማነስ፣ እዚህ የተወለደ ልጅ። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነበር። ሆኖም እኔ ምክንያት ስደረድር የጓደኛዬ ደመወዝ በየወሩ ይቆረጥ ነበር። ስንት ዓመት እንደተቆረጠበት እንኳ ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። እሱ ደውሎ አልረገመኝም፤ እኔም ደውዬ ይቅርታ አልጠየቅኩም።

ሲያስፈልገኝ «ቸግሮኝ የገባሁት ቃል ነው፣ አማራጭ አልነበረኝም» እያልኩ ለራሴ ሂዩምን ስጠቅስ ኖሬያለሁ። ልክ ሊሆን ይችላል። የእኔን ነፃነት የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። የተሰበረ ቃል እንዲሁ በኖ አይጠፋም፤ የሆነ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ለልጁ ይህንን ሁሉ ነገርኩት። እናቱ ፊት፣ እማማ ፊት። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የዚህ የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ ውል አንድ በር አለው፦ ግዴታው የሚጸናው ሁለተኛው ዓመት ሲጀመር ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተወ ሰው ዕዳ የለበትም። «ያችን ዓመት ለስፖርቱና ለሰልፉ ብቻ አትጠቀምባት» አልኩት። «በየጠዋቱ ስትሮጥ ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፤ ዩኒቨርሲቲው ምንም ባያስከፍለኝ ኖሮ ይህን መሐላ እምል ነበር ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ማል፤ እናትህም ትችለዋለች። አይደለም ከሆነ ውጣ፤ ብድሩን አብረን እንከፍላለን። የማትወጣው ጊዜ ከመጣ በኋላ ግን ተያዥ አታብዛ።»

ደግሞም የፓወልን ታሪክ ቀሪውን ነገርኩት። እሱ ሲማር ያ ኮሌጅ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም ነበር፤ ስኮላርሺፑም ገና አልመጣም። ማንም ሳይገዛው ነው የገባው። እንዲያም ሆኖ መሐላው ከከባድ ቀን አላዳነውም። ጦሩን በ1993 ለቅቆ ሚኒስትር ከሆነ በኋላ፣ በየካቲት 2003 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ፊት ኢራቅ አላት ስለተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ተናገረ። መሣሪያው አልተገኘም። ራሱም በ2005 ያ ንግግር በስሙ ላይ የቀረ ነቁጥ መሆኑን አልካደም። በነፃ የገባም ቢሆን፣ ቃልን መጠበቅ ማለት የታዘዙትን ሁሉ ማድረግ ነው ወይስ አንዳንዴ እምቢ ማለት? የሚለው ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። መኮንኑ ለሰው ሳይሆን ለሕገ መንግሥቱ እንዲምል መደረጉም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አንድ ዓመት ልየው» አለ። እህቴ ደስ አላላትም፤ ግን ቡናውን እንደገና አሞቀችው። እማማ «ይኸው፣ ተጠይቆ መለሰ» ብለው አማተቡ።

እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኛ ጋ ሲመሽ አዲስ አበባ ሊነጋ ነው። ቁጥሩን ካንዱ ካንዱ አጠያይቄ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ድምፄን ወዲያው ለየው። የተቆረጠበትን ልመልስ ስለው ረጋ ብሎ «ገንዘቡን እንኳ ድሮ ረስቼዋለሁ። ሃያ ዓመት አለመደወልህን ግን አልረሳሁም» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ገንዘቡን መላክ ጀምሬያለሁ፤ የሚቀለው እሱ ነው።