ከምርጫው ማግስት

እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ አንድ ወግ አጥባቂ ክርስቲያን የምርጫ ወረቀቱን ይዞ ቆመ እንበል። ሂላሪ ክሊንተን በፅንስ ማስወረድ ላይ ያላቸው አቋም ከእምነቱ ጋር አይገጥምም። የሚደግፈው የሪፐብሊካን ፓርቲ ያቀረባቸው ዶናልድ ትራምፕ ደግሞ ስለ ሴቶች የተናገሩት፣ በልጆቹ ፊት የሚደገም አልነበረም። የዚያው ፓርቲ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ እንኳ ለፕሬዚዳንትነት ከሁለቱ ማንንም ሳይመርጡ፣ ለሌሎቹ የፓርቲያቸው እጩዎች ብቻ ድምፅ ሰጡ።

ታዲያ ከሁለት መጥፎ የሚሻለውን መምረጥ ኃጢአት ነው ወይስ ማስተዋል?

ቦታውን ባዶ የተወ ሰው እጁን ያነጻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እርሱ ባይመርጥም ከሁለቱ አንዱ መግዛቱ አይቀርም። የመረጠውም ስለ መረጠ ብቻ አልበደለም፤ ድምፅ መስጠት የእምነት መግለጫ አይደለምና። አደጋው የሚመጣው ከምርጫው ማግስት ነው። ትናንት “ምን ላድርግ፣ ይሻላል ብዬ ነው” ያለው ሰው ዛሬ የመረጠውን ሲነኩበት ይቆጣል። በሌላው ላይ ኃጢአት ያለውን በራሱ ሰው ላይ ድካም ይለዋል።

ሳሙኤልን አስቡ። ሳኦልን በገዛ እጁ ቀባው፤ ሳኦል ባልታዘዘ ጊዜ ግን ፊት ለፊት ገሠጸው፤ ደግሞም አለቀሰለት። መቅባቱ አፉን አልዘጋውም።

ወጣቶች ሆይ፣ ተራችሁ ሲደርስ ጸልያችሁ ምረጡ። ከመረጣችሁም በኋላ ክፉውን ክፉ ማለት አትተዉ።