የእንግዳ ድርሻ

ባሕሩ ከጅቡቲ ከተማ ዳርቻ ሲሸሽ፣ ከሳይቤሪያ የመጡ ወፎች በተገለጠው ጭቃ ላይ ትል ይለቅማሉ። ተመራማሪ ይቆጥራቸዋል፤ ሰው ምን ዕዳ እንዳለበት ግን ቁጥር አይናገርም።

«ወደብ የሚሊዮኖች እንጀራ ነው፤ ወፏ ከርማ የምትሄድ እንግዳ ናት» የሚል ሙግት አለ። ቀላል አይደለም፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ሸቀጥ የሚያልፈው በዚሁ ነው። ይሁንና ከርሞ መሄድ ድርሻን ያሳጣልን? እንዲያ ከሆነ፣ በዚህችው ከተማ ሠርቶ የሚያድረው ስደተኛስ በምን አፉ ይሟገታል?

ሰው መጋዘኑን ወዲህም ወዲያም ሊሠራው ይችላል፤ ባሕር ያበጀው ጭቃ ግን ተነቅሎ አይተከልም። ጅቡቲ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሀራሙስ-ሎያዳን በራምሳር የረግረግ ቦታዎች ስምምነት ስታስመዘግብ የእንግዳውን ድርሻ አውቃለች። የቃሉ እውነትነት የሚፈተነው ግን መሬቱ የተፈለገ ዕለት ነው።