መመለስ ወይስ ወደፊት ማረፍ?

ኃይላችን ሲከዳን የተነሣንበትን ቦታ መናፈቅ ብልህነት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ2015 ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ በ1942 በተሠራች ትንሽ አውሮፕላን ከካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ተነሣ። ወዲያው ሞተሩ ኃይል አጣ፤ በካርቡሬተሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል ተፈትታ ነበር። ሊመለስ አሰበ፤ እንደማይደርስ ሲያውቅ ግን በአቅራቢያው ባለ የጎልፍ ሜዳ ላይ ወረደ። አውሮፕላኗ ተሰበረች፤ እርሱም ቆሰለ፤ ነገር ግን ተረፈ።

ሞተሩ የከዳው አውሮፕላን ገና ዝቅ ብሎ ሳለ ወደ ኋላ ከዞረ ፍጥነቱም ከፍታውም ያልቅበታል። ስለዚህ አብራሪዎች ከፊታቸው ባለው ሜዳ እንዲያርፉ ይማራሉ።

እኛስ? ውጥናችን ሲከሽፍ እንደ ወጣን ለመመለስ የምንታገለው ብዙ ጊዜ ለስማችን ስንል ነው። የተሰበረ ክንፍ ይጠገናል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም። እንግዲህ የሚጠገነውን ትተን የማይጠገነውን እናድን።