ስለ ሕሙም መድኃኒትና ስለ ዕጣ

ማትያስ በይሁዳ ስፍራ የተተካው በዕጣ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በጽኑ የታመመ ሰው የሚወስደው መድኃኒት በዕጣ ይለይ ሲባል ልባችን ይደነግጣል። ሐኪም ዕውቀቱን ትቶ ስለ ምን በዕጣ ይሠራል? እንላለን።

ጥያቄውን ያነሣነው ሕዋሳቱ ጥቃቅን ስለ ሆኑት የሳንባ ካንሰር ነው። ይህ ደዌ አብዛኛውን ጊዜ ትምባሆ የሚያጨሱትን ይይዛል፤ በመጀመሪያው መድኃኒት ፈጥኖ ይሸሻል፥ ቤተ ሰብም ዳነልን ብሎ ደስ ይለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል፤ ሲመለስም የቀድሞው መድኃኒት እንደ ፊተኛው አይበግረውም።

የጃፓን ሐኪሞች ደዌው ቢያንስ 90 ቀን ቆይቶ የተመለሰባቸውን 180 ሕሙማን በዕጣ ከሁለት ከፍለው፥ ለእኩሌቶቹ ቶፖቴካን የተባለውን ብቻ፥ ለእኩሌቶቹ ሲስፕላቲንን፥ ኢቶፖሳይድንና ኢሪኖቴካንን አስተባብረው ሰጡ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በታተመው ውጤት፥ ቶፖቴካን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ12 ወር ተኩል በላይ፥ ሦስቱን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ18 ወር በላይ ኖሩ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ ደማቸው ደክሞ ብርቱ ትኩሳት ያደረባቸው በፊተኞቹ ከመቶ 7፥ በኋለኞቹ ከመቶ 31 ሆኑ።

ሉርቢኔክቴዲን ከዶክሶሩቢሲን ጋር ተጣምሮ በ613 ሕሙማን በተፈተነ ጊዜም ተስፋው ታላቅ ነበር። በ2020 መጨረሻ የተሰማው ወሬ ግን፥ ከቀድሞው ሕክምና ይልቅ ዕድሜን እንዳስረዘመ አልተረጋገጠም የሚል ሆነ።

እንግዲህ ሁለቱም ጥምረቶች ከመፈተናቸው በፊት የቱ እንደሚረዳ ማን ያውቅ ነበር? ሐኪሙ በእውነት በማያውቅበት ስፍራ ዕጣው ማንንም አይበድልም። ሳያውቅ እንዳወቀ ሆኖ በግምት የሚሰጥም እርሱ ራሱ ዕጣ ጥሏል፤ ልዩነቱ ከዚያ ዕጣ ማንም ትምህርት አለማግኘቱ ነው።

በደሉ ያለው በሌላ ስፍራ ነው። «ይህ ያድንሃል» ተብሎ የፈረመ ሕሙም ፈቀደ አይባልም። ጥቅሙ ምናልባት ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት እንደሚሆን፥ በጀመረ ጊዜም ሊተወው እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። በዚህ ነገር እኛ ካህናትም ንጹሐን አይደለንም፤ በአልጋው አጠገብ ቆመን፥ እናጽናናው ብለን ሐኪሙ ያልተናገረውን ተስፋ የጨመርንበት ቀን አለና።

እውነቱ ከተነገረው በኋላ ልጁን ሊድር ጥቂት ወራት የቀረው ሰው ሦስቱን መድኃኒት ይመርጥ ይሆናል፤ ሌላው ትኩሳቱን ፈርቶ በቤቱ፥ በዘመዶቹ መካከል መሰንበትን ይመርጣል። ሁለቱንም በደለኞች አንላቸውም።